ለዱዳ የተሰጠ ድምፅ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባሌ አያውቅም፤ ልጆቼ አያውቁም፤ የጎረቤት ድመት ስንት እንደ ወለደች ሳይቀር የምናወራው የትምህርት ቤት ባልደረቦቼም አያውቁም። አስራ አንድ አዛውንቶች ግማሹን ያውቃሉ፤ ከእነሱ አንዱ ደግሞ ሁሉንም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ አፍ ስናገረው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነውና ብንተባተብ ታገሡኝ።

ምስጢር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ፍቅርን ነው። ምነው ፍቅር በሆነ! ፍቅር ቢሆን ቢያንስ አንድ ሰው ያዝንልኝ ነበር። የኔው ለሰው ሲነገር የሚያስቅ፣ ለብቻ ሲያስቡት የሚያሳፍር ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ምስጢር ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ትልቁን ኃጢአት ሰው አንድ ቀን ጨንቆት ያወጣዋል፤ ትንሹን እያሸሞነሞነ ሃያ ዓመት ያኖረዋል።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ሰንበት ጸሎት ቤት ስገባ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በክርን እየነኩ፣ "እንደ እሷ ሁኑ" የሚሉባት እኔ ነኝ። እና እኔ፣ ይህችው ዝናሽ፣ የሮክ ባንድ እወዳለሁ።

በቃ፣ ወጣ።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ረሆቦት ከተማ፣ ክፋር ማርሞሬክ የሚባል ሰፈር ነው። ከጓሯችን አጥር ሥር የሰፈሩ ሚክላት አለ። ሚክላት ሮኬት ሲመጣ የምንገባበት ከመሬት በታች የተሠራ መጠለያ ነው፤ ሮኬት በሌለ ጊዜ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ላጣ ሰው ይሰጠዋል። አንድ ዓመት ለቼዝ ተጫዋቾች ሰጠው፤ ስለ መኖራቸው እንኳ የምናውቀው ሲወጡ ነበር። ቀጥሎ ለአራት ወጣቶች ሰጠው፤ ለሦስት ወንዶችና ከበሮ ለምትመታ አንዲት ቀጭን ልጅ። የሚክላቱ የአየር መተንፈሻ ቱቦ እንደ ከዘራ ጎብጦ የሚወጣው ከኛ ልብስ ማስጫ ገመድ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርጥብ አንሶላ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ቱቦው ዘፈነ።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? መጀመሪያ የመጣው ወፍራሙ ጊታር ነው፤ በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ጫማ በኩል ገባ። ቀጥሎ ከበሮው፤ ከዚያም አንድ ልጅ፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ የተነሳ በሚመስል ድምፅ፣ አንድ መስመር እየደጋገመ መዝፈን ጀመረ። በክፍሌ ለተማሪዎቼ የማሳየው አንድ ሙከራ አለ። ሁለት እንደ ውኃ የጠሩ ፈሳሾች ትቀላቅላላችሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም፤ ከዚያ በድንገት ሁሉም ቀይ ይሆናል። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አሁንም ባየሁት ቁጥር ትንፋሼ ይቆማል። ያን ቀን ጓሮ ውስጥ የሆነው እሱ ነው። አንሶላው ክንዴ ላይ ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ ወንበር አወጣሁ። ጨዋ ሴት ቱቦ ሥር ዝም ብላ አትቀመጥምና፣ ሰበብ እንዲሆነኝ ሰፌድ ላይ ምስር ዘርግቼ መልቀም ያዝኩ። ልጆቹ በሳምንት አራት ቀን ይለማመዳሉ፤ እኔም በሳምንት አራት ቀን ምስር እለቅማለሁ። የተለቀመ ምስር ደግሞ መሠራት አለበት። ባሌ ስድስት ወር ሙሉ ችሎ በላ። አንድ ማታ ብቻ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ሐኪም ያዘዘብን ነገር እንዳለ በእርጋታ ጠየቀኝ። ብረት አለው አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ባንዱ ስሙ ዱድ ካር ነው። ዱድ ማለት በየጣሪያችን ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ውኃ የምታሞቅበት በርሜል ነው፤ ካር ደግሞ ቀዝቃዛ። ክረምት ጠዋት ገላውን ሊታጠብ ገብቶ ቧንቧ የከፈተ ሰው የስሙን ኀዘን ይረዳዋል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

የመጀመሪያ ሥራቸው አምስት ዘፈን ብቻ ያለበት ትንሽ አልበም ነው። እዚያው ሚክላት ውስጥ፣ የራሳቸውን ማይክሮፎን ተክለው ቀረጹት። ምናልባት ከሦስት መቶ ሰው በላይ አልሰማውም፤ ግማሹን ጊዜ የሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ የሙዚቃ ሐያሲ ብቻ ጻፈበት፤ በአምስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ስለሚሰማ የሩቅ የሴት ልቅሶ፣ ጥንታዊ ጸሎት ስለሚመስል እንጉርጉሮ አድንቆ ጻፈ። እኔም አንብቤ፣ ዘፈኑን መልሼ ሰምቼ፣ እውነትም ልቅሶ ነው፣ በማሽን ሠርተውት ይሆናል ብዬ ተደነቅሁ። ሁለተኛውን ጎረቤታችን ካለችው ከተማ፣ ቤኤር ያዕቆብ፣ የአንዳቸው አጎት መጋዘን ውስጥ ቀረጹ። ለሦስተኛው ቴል አቪቭ ገቡ፤ እውነተኛ ስቱዲዮ፣ እውነተኛ ባለሙያ። ቱቦዬ ጸጥ አለ፤ ቤታችንም ሽሮ በላ። ሦስቱንም በሸክላ አሳትመው ነበርና ሄርዝል ጎዳና ካለ ሱቅ ገዛኋቸው። ለልጄ ነው አልኩት ሻጩን። የሸክላ ማጫወቻ የለንም። ከኬሚስትሪ መጻሕፍቴ ኋላ ደብቄ፣ አንዳንዴ አውጥቼ አያቸዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ የጎዳሁት ሰው የለም፤ ምስሩን ካልቆጠራችሁት።

ነገሩ የተበላሸው በሚጽዓድ ነው። ሚጽዓድ ሬዲዮ በየሳምንቱ የሚያወጣው የዘፈኖች ደረጃ ነው፤ ቃሉ ሰልፍ እንደ ማለት ነው። ሃያ ዘፈን ይሰለፋል፤ ማን ፊት እንደሚቆም የሚወስነው አድማጭ ነው። የስልክ ቁጥር ታስገባላችሁ፤ ወደ ስልኩ ኮድ ይመጣል፤ ኮዱን ትጽፋላችሁ፤ አለቀ። ከአንድ ስልክ በሳምንት አንድ ድምፅ። ከሦስተኛው አልበም አንድ ዘፈን አስራ ሰባተኛ ሆኖ የገባ ዕለት፣ የራሴን ድምፅ ወዲያው ሰጠሁ።

እኔ ደግሞ በየዓርቡ ስልክ የሚጎርፍብኝ ሰው ነኝ። ዓርብ ጠዋት አላስተምርም፤ የሰፈራችን አዛውንቶች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከጤና ጣቢያው፣ ከባንክ፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣውን የዕብራይስጥ መልእክት አነባለሁ፤ ለሐኪም ቶር፣ ማለት ቀጠሮ፣ እይዛለሁ። የራሳቸው ልጆች ሥራ ላይ ናቸው፤ የልጅ ልጆቹ አማርኛው ያጥራቸዋል። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ስልኩን ሲሰጡኝ አያዩትም እንኳ። ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ወሬ ይጀምራሉ።

አንድ ዓርብ ከእነሱ የአንዱን፣ የአባ ፈረደን ስልክ ይዤ ጤና ጣቢያው ወረፋዬን እንድጠብቅ ሲነግረኝ፣ ኮምፒዩተሬ ላይ የሚጽዓዱ ገጽ ተከፍቶ ነበር። "አባ ፈረደ ይህን ድምፅ አይጠቀሙበትም" አልኩ ለራሴ፣ ቁጥራቸውን እያስገባሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አትርሱብኝ። ከሠራሁት ሁሉ ይልቅ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኩ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ አስራ አንድ። ዘፈኑም ወጣ፤ አስራ ሁለተኛ፣ ሰባተኛ፣ ሦስተኛ። አስራ አንድ ስልክ አገር እንደማያንቀሳቅስ ማንም ሒሳብ የተማረ ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ልቤ ግን ሒሳብ አልተማረም። አንድ ሰኞ ከሰዓት የላቦራቶሪ ዕቃ እያጠብኩ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሬዲዮው ሰውዬ "ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቷል፣ አንደኛ፣ ዱድ ካር" አለ። የመስታወት ቱቦ ከእጄ ወደቀ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ በተማሪ የተሰበረ ተብሎ ይገኛል። ከመሬት በታች፣ በቱቦ ትንፋሽ ለኔ ብቻ ይመጣ የነበረ ነገር አሁን አገር ሙሉ ሲሰማው፣ በደስታና በፍርሃት መካከል ያለ፣ ስም የሌለው ነገር ያዘኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ያላ፣ በይ እንግዲህ፣ ይበቃል ብዬ ጠረግሁት።

ማክሰኞ ከሰዓት አባ ፈረደ መጡ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እሳቸው በጎንደርም እዚህም ሰው ያስታረቁ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያዳምጡ ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ለብዙ ዓመት ደክሞ ነበር፤ የመስሚያ መሣሪያ ከገባላቸው ወዲህ ግን ጉንዳን ሲሄድ ይሰማሉ። ከሳቸው ጋር አንዲት የቆየች ክርክርም አለችን። ከስድስት ዓመት በፊት ለደም ምርመራ ሲሄዱ ባዶ ሆዳቸውን መሆን ነበረባቸው፤ በልተው ሄደው መለሷቸው። እኔ ነግሬዎታለሁ እላለሁ፤ እሳቸው አልነገርሽኝም ይላሉ። ቀጠሮ በያዝኩላቸው ቁጥር ይቺን ሳያነሱ አይሄዱም።

ያን ቀን ግን አላነሷትም። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነበር የያዙት፤ እንደ ሞተ ነገር።

"ዝናሽ ልጄ" አሉ፣ "ድምፄን ሰርቀውኛል።"

አንዲት ልጅ ደውላላቸው ነበር። ዕብራይስጧ ፈጣን ነው፤ የያዙት ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ድምፅ ሰጥተሃል፣ አመሰግናለሁ፣ አሸንፈሃል። እሳቸው ምርጫ መኖሩን እንኳ አልሰሙም፤ ወደ ኮሮጆም አልሄዱም። ስለዚህ አንድ ሰው በመታወቂያቸው ሄዶ መርጧል። ማንን እንደ መረጠ እግዚአብሔር ይወቅ። "የኔን ከወሰዱ የሌላውንም ወስደዋል" አሉ። "ሰንበት ጸሎት ሲያበቃ ተነስቼ እናገራለሁ። ሁሉም ድምፁን ይፈትሽ።"

ከጥሪው ኋላ የተላከላቸውን መልእክት ከፍቼ አየሁት። ሬዲዮው ነው። ድምፅ ከሰጡት መካከል በዕጣ ሁለት የዱድ ካር የሙዚቃ ዝግጅት ትኬት ደርሷቸዋል። ስልኩን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። አጣራለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ካንቺ በቀር የማምነው የለም ብለው ሄዱ። ያን ማታና በማግስቱ ማታ ጣሪያ ላይ ያለውን በርሜል እያሰብኩ ተጋደምኩ። ሰንበት ላይ ሲናገሩ፣ ሰዉ ስልኩን ሲፈትሽ፣ አስራ አንዱም መንገድ ወደኔ በር ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ማን ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ስልኩን ይሰጠኛል?

ሐሙስ ከሥራ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ልጃቸው ቤት ሄደው ብቻቸውን ነበሩ። ሳልቀመጥ፣ ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ። እኔ ነኝ አልኳቸው። የሰረቀ የለም፤ የመንግሥት ምርጫም አይደለም፤ የዘፈን ነው፤ ድምፅዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቀና አሉ። "ለማን?"

"ለዱድ ካር።"

ወደኔ ጎንበስ አሉ። "ለማን ዱዳ?"

"ዱዳ አይደለም አባ፣ ዱድ..."

"ድምፄን ለዱዳ ሰጠሽው?" በርሜሉን፣ ፀሐዩን፣ ቀዝቃዛውን ውኃ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ባሰ። በመጨረሻ እጃቸውን አነሱ። "ይሁን። ዱዳም ከሆነ ድምፅ የሚያስፈልገው ለሱ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ድምፄ ሲሰጥ እኔ የት ነበርኩ?"

ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ወሬ እየነገሩኝ።  እዚህ አገር ስለነዚህ ሰዎች ሁሉም ይናገራል፤ ሐኪሙ ወደ ልጃቸው ዞሮ ይናገራል፤ የባንኩ ሠራተኛ ወደኔ ዞሮ "ንገሪያቸው" እንደማለት በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ስንት ጊዜ ተናድጄበታለሁ። እና አይጠቀሙበትም ያልኩት እኔው ነኝ።

"ሳልሰማ አልፈርድም" አሉ አባ ፈረደ። "ልጆቹ ያሉትን አሰሚኝ። ሁሉንም።"

እንዲራሩልኝ ብዬ በሚጽዓዱ አንደኛ በወጣው ዘፈን ጀመርኩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው እስከ መጨረሻ ሰሙ። "ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ጥሩ መሆኑን ያውቃል።" ስንት ሐያሲ በስንት ገጽ ሊለው የፈለገው እሷን ነበር። ሁለተኛውን አልበም ከፈትኩ። አራተኛው ዘፈን ላይ ከዘራቸውን አነሱ። "እዚህ ላይ ተጣልተዋል።" ማን? "ልጆቹ። ይህ ከበሮ ከዚያ ክራር ጋር አይነጋገርም።" እጄ አፌ ላይ ሄደ። በዚያ አልበም ጊዜ ከበሮ መቺዋና ጊታር ተጫዋቹ ወራት ሙሉ እንዳልተነጋገሩ ያነበብኩት በቅርቡ ነው። አርባ ዓመት ባልና ሚስት ሲያደምጥ የኖረ ጆሮ፣ የቋንቋው አንድ ቃል ሳይገባው፣ ከጋዜጣው ቀድሞ ደረሰበት።

"የመጀመሪያው ቃላቸውስ?" አሉ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።"

የሚክላቱን አልበም ከፈትኩ። አምስተኛው ዘፈን ሲያልቅ፣ ጊታሩ ቀጥኖ ቀጥኖ ሲጠፋ፣ ያቺ የሩቅ ሴት መጣች።

"መልሺው" አሉ። መለስኩት። በጥፍራቸው የጆሮ መሣሪያቸውን ነካኩ። "ይህቺ ሴት ምን ትላለች?"

"ልቅሶ ነው አባ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ጋዜጣ ላይ ተጽፏል።"

"ጋዜጣው አማርኛ ያውቃል?"

ሦስተኛ ጊዜ መለስኩት። አሁን እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከሴትየዋ ጋር አብረው፣ ቃል በቃል፣ እንደ ጸሎት ተቀባይ አሉት፤ "እሮብ ጠዋት። ምንም ሳይቀምሱ። ውኃ ብቻ።"

ያኔ ሰማሁት። የኔ ድምፅ ነው። ከሰፌዱና ከምስሩ አጠገብ ቆሜ፣ በአጥሩ ማዶ ወደሚያልፉት ጆሮ ደካማ ሽማግሌ፣ ወደ አባ ፈረደ የጮህኩት፣ በቱቦው ወርዶ፣ ሚክላቱ ውስጥ ተንከባሎ፣ የተተከለው ማይክሮፎን ላይ አርፏል። እኔ በቱቦው ከታች የሚመጣውን ስሰማ፣ ቱቦው የኔን ድምፅ ወደ ታች ያሰማ ነበር። ስድስት ዓመት ደጋግሜ የሰማሁት፣ በማሽን የተሠራ ብዬ የተደነቅሁበት፣ ሐያሲው የጥንት ጸሎት ያለው፣ ስለ ደም ምርመራ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳልቀመጥ መቆየቴም ያኔ ታወቀኝ።

አባ ፈረደ በዝግታ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ዋጡት፤ ፍርድ ሊሰጡ ነውና። "ነግረሽኛል" አሉ። "ያቺ የምርመራ ነገር። ለካ ነግረሽኛል። ስድስት ዓመት በሐሰት ሞግቼሻለሁ፤ እሷን ይቅር በይኝ።" ቀጥለውም፣ "አንቺ ሳትጠይቂ ድምፄን ወሰድሽ፤ እነሱ ሳይጠይቁ ድምፅሽን ወሰዱ። ልጆቹ ግን አላወቁም። አንቺ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"እንግዲያው ነገ ዓርብ ነው። አንድ በአንድ ትጠይቂያለሽ። ሰንበት ላይ እኔ የምናገረው የለም።"

የሳቸውን ድምፅ ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መመለስ የሚቻል ከሆነ እንድመልስ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። "እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ መረጥኩ። አንድ ቀን እንኳ የመረጥኩት አሸንፎ አያውቅም። ይህ አሸነፈ። ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?" በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ። ትኬቱ ሁለት ነው አይደል አሉ፤ አዎ አልኩ። "ቤሰደር፣ እሺ፣ እንሄዳለን። ግን ባዶ ሆዴን አልሄድም።"

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን አጸዳሁና የባሌን የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሲመጡ ስልክ አልተቀበልኩም፤ አስቀምጬ ነገርኳቸው። አንዳንዱ አልገባውም፤ አንዳንዱ ገብቶት ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌ ተቆጥተው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ዘፈኑን ከፈትኩላቸው፤ እሱን ብቻ ሳይሆን፣ በሰልፉ አንደኛና ሁለተኛ የቆሙትን ሁለቱንም፤ ፍርድ ከሆነ ፍርድ ነው ብዬ። ሁለተኛው ፀጉሩን የሚቀባ አንድ ልጅ የሚያላዝነው የፍቅር ዘፈን ነው፤ ለወራት ስጠላው የኖርኩት።

እማማ ትርንጎ፣ ከሁሉም ታላቅ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ከዚያ ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ መስኮት ሳይሆን ወደኔ አዙረው፣ ጣቴን እያዩ።

"ለዚያ ለሚያለቅሰው ልጅ ስጪልኝ" አሉ። "እናቱ የራቀችው ይመስላል።"

ኮዱ መጣ። ጣቴ ትንሽ ዘገየ እንጂ፣ ጫንኩት።